ነርሷና ሱስ የያዘው ሕመምተኛ

አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ ወይም ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ዘመዶቹ ብርድ ልብስና ፔርሙስ ይዘውለት ይመጣሉ፤ ነርሷም ስሙን፥ ዕድሜውንና የሕመሙን ነገር በካርዱ ላይ ታሰፍራለች። ከቤቱ ይዞት የመጣው አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል፤ እርሱም ሱሱ ነው። ሐኪሙ ስለ ስብራቱ ይጠይቃል፤ ዘመድ ገመና ላለማውጣት ዝም ይላል፤ ሕመምተኛውም ራሱ እግርን ከአረቄ ጋራ ምን ያገናኘዋል ብሎ ነገሩን ያልፈዋል። ሰውነቱ ግን አያልፈውም። ለብዙ ዓመት የለመደውን መጠጥ፥ ሲጃራ ወይም ጫት ባጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዕዳውን መጠየቅ ይጀምራል፤ ይህንንም ጥያቄ ከማንም በፊት የምትሰማው በዚያ ሌሊት ተረኛ የሆነችው ነርስ ናት።

ስለ ሱስ ሲወራ በአብዛኛው የሚነሣው የሕግ፥ የግብረ ገብና የወላጆች ኀዘን ነገር ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሱስ የያዘው ሰው ሆስፒታል ገብቶ ሲተኛ ምን እንደሚደረግለት፥ የሚያደርግለትም ማን እንደሆነ ሲነገር እምብዛም አንሰማም። አንባቢዎቻችን አብዛኞቹ ተማሪዎችና ገና ወደ መንግሥት ሥራ የገቡ ወጣቶች ስለሆኑ፥ ይህ የሽማግሌ ሕመም ነው ብለው ገጹን ገልጠው እንዳያልፉት እንለምናለን። ለፈተና ማጥኛ ተብሎ የተጀመረ ጫት፥ ምርቃናውን ለመስበር የተጨመረ ቢራ፥ ከሁለቱም መካከል የገባ ሲጃራ፤ መንገዱ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በሃያ ዓመት ግድም ነው። ሆስፒታል የሚያደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ብቻ መጀመሪያው ይረሳል።

ከሁሉ አስቀድሞ የመጠጥን ነገር እናንሣ፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ሦስቱ መካከል በድንገት ሲቋረጥ ሰውን ሊገድል የሚችለው መጠጥ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ሰኞ ማታ በመኪና ተገጭቶ ጭኑ ተሰብሮ ገባ እንበል። ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በየማታው አረቄ ሳይጠጣ የተኛበት ቀን የለም። ማክሰኞ ጧት ሻይ ሲሰጡት ብርጭቆው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ቁርሱን አይበላም። ዘመዶቹ ሕመሙ ጠንቶበት ነው ይላሉ። ረቡዕ ቀን ይቁነጠነጣል፥ ይቆጣል። ረቡዕ ሌሊት በአንሶላው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ ያያል፤ ከጥግ ሰው ሲጠራው ይሰማል፤ በተሰበረው እግሩ ቆሞ ወደ በሩ ሊሄድ ይታገላል። በዚህ ጊዜ አጠገቡ ያለው አስታማሚ «ለክፎታል» ብሎ ወደ ጠበል ለመውሰድ ቢያስብ የሚያስደንቅ አይደለም። ያየው ነገር በእውነት የሚያስፈራ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጠጥ አእምሮን ያደነዝዛል። በየቀኑ የሚደነዝዝ አእምሮ ደግሞ ሥራውን ለመቀጠል ሲል ራሱን በተቃራኒው በኩል ያነቃል፤ ከባድ ሸክም የተሸከመ ሰው ወደ ፊት ጐንበስ እንደሚል ማለት ነው። ሸክሙ በድንገት ሲነሣለት ሰውየው በአፍንጫው ይደፋል። እጅ መንቀጥቀጡና ላቡ መጠጡ ከተቋረጠ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ይታያል፤ የሚጥለው ሰው ካለ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጥለዋል፤ መቃዠቱ ደግሞ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት በቀድሞ ዘመን ሳይታከም ሲቀር ከያዛቸው ሰዎች እስከ ሲሶ የሚደርሱትን ይገድል ነበር። ዛሬ በጊዜው ከተደረሰበት የሚሞተው ከመቶ ከአምስት ያንሳል። በዚህ ልዩነት ውስጥ መድኃኒቱ ትልቅ ድርሻ አለው፤ መድኃኒቱ በሰዓቱ እንዲሰጥ የሚያደርገው ግን አይቶ የሚናገር ሰው ነው።

ያ ሰው ነርሷ ናት። ሐኪሙ ጧት ክፍሉን ጐብኝቶ ይሄዳል፤ እርሷ ግን የልብ ምቱን፥ የደም ግፊቱንና ትኩሳቱን በየጥቂት ሰዓቱ ትለካለች። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ባለ ዐሥር ጥያቄ መመዘኛ አለ፤ ማቅለሽለሹ፥ መንቀጥቀጡ፥ ላቡ፥ ጭንቀቱ፥ ቀኑንና ቦታውን ማወቁ እያንዳንዳቸው ነጥብ ይሰጣቸዋል። ነጥቡ ከፍ ሲል በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት ዲያዜፓም ይሰጣል፤ ዝቅ ሲል ይቆያል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሚያስፈልገው በላይም በታችም አይወስድም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለብዙ ዓመት ምግብን ትቶ በመጠጥ የኖረ ሰው ሰውነቱ ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ያልቅበታል። እንዲህ ላለው ሰው ታያሚኑ ሳይሰጥ የስኳር ውሃ ያለበት ግሉኮስ በደም ሥሩ ቢንቆረቆርለት፥ የቀረችው ጥቂት ታያሚን ግሉኮሱን ለማቃጠል ስለምትውል አእምሮው ሊጐዳ ይችላል፤ ዓይኑ ይንሸዋረራል፥ እግሩ ይወላገዳል፥ ማስታወስም ላይመለስለት ይችላል። ስለዚህ ታያሚን ይቀድማል ወይም አብሮ ይሰጣል። ግሉኮሱን የምትሰቅለው ነርስ «ይህ ሰው ጠጪ ነው ወይ?» ብላ ባትጠይቅ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አንባቢ ራሱ ይገምት።

ቀሪው ሥራ ከመድኃኒት ቤት የሚመጣ አይደለም። መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ይበራል እንጂ አይጠፋም፤ ጨለማ ቅዠትን ያበዛልና። ነርሷ ባለፈች ቁጥር ስሟን፥ ቦታውንና ሰዓቱን ቀስ ብላ ትነግረዋለች። ከዘመዶቹ መካከል የሚያውቀውና ድምፁ የማይጮኽ አንዱ ብቻ አጠገቡ እንዲቀመጥ ታደርጋለች። ጉንዳን አለ ሲላት «የለም፥ ውሸት ነው» ብላ አትከራከረውም፤ «አለ» ብላም አትዋሸውም። «ለእርስዎ እንደሚታይዎት ዐውቃለሁ፤ ለእኔ አይታየኝም፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ይተውዎታል» ትለዋለች። በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ንግግር አላውቅም።

ከዚህ ላይ ለወጣቱ አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባናል። ጧት ተነሥቶ እጁን ለማርጋት የሚጠጣ አባት፥ አጎት ወይም የሥራ ባልደረባ ያለው ሰው፥ «ወንድ ከሆንህ ዛሬውኑ ተወው» ብሎ በቤት ውስጥ እንዲዘጋበት አያድርግ። እንዲህ ያለው ሰው መተው ያለበት በሕክምና እየተጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ነርሷ የመጠጡን ነገር እንዴት ትጠይቃለች? «ይጠጣሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አይ፥ እምብዛም» ብሎ ይመልሳል። የውጭ መጻሕፍት 10 ግራም አልኮል ያለበትን መጠጥ አንድ መስፈሪያ ብለው ይቈጥራሉ። በእኛ አገር ግን ጠላ በጣሳ፥ ጠጅ በብርሌ፥ አረቄ በመለኪያ ስለሆነ፥ የቤቱን መስፈሪያ የማታውቅ ነርስ መጽሐፉን በቃሏ ብትይዘው አይረዳትም። ንግግሩ እንዲህ ያለ መልክ አለው።

«ጋሼ፥ ከአደጋው በፊት በነበረው ሳምንት ስንት ቀን ጠጡ?»

«ኧረ ምን እጠጣለሁ ሲስተር፤ ከሰው ጋራ ቀመስ አደርጋለሁ እንጂ።»

«ቀመስ ሲያደርጉ በመለኪያ ነው?»

«በመለኪያ ነው።»

«ወደ ቤት የሚገቡት በስንተኛው ነው?»

«እሱማ ሰባትም ስምንትም የሚሆንበት ቀን አለ።»

«ጧት ሲነሡስ እጅዎን ለማርጋት ይቀምሳሉ?»

በዚህ ጊዜ ሰውየው ዝም ይላል። ዝምታውም በካርዱ ላይ ይጻፋል። ልብ በሉ፤ ነርሷ አልቈጣችውም፤ «አያፍሩም?» አላለችውም። ያፈረ ሰው ይዋሻልና፥ የዋሸ ሕመምተኛ ደግሞ ሦስተኛው ሌሊት ሳይታሰብ ይደርስበታል።

አደጋው ካለፈ በኋላ ሰውየው ጥቂት ሳምንታት በአልጋ ላይ መቆየቱ ግድ ነው። ሆስፒታል ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ መሸታ ቤቱ ሩቅ ነው፥ ጓደኞቹ የሉም፥ ሰውነቱም ሳይወድ በግዱ ጥቂት ቀን ነጽቷል። ከዚህ በላይ ደግሞ ፈርቷል። ፍርሃት ግን ቶሎ ስለሚረሳ በጊዜው መነጋገር ያስፈልጋል። ቀድሞ የነበረው ልማድ ሕመምተኛውን መገሠጽ፥ ጉበት እንዴት እንደሚበሰብስ በሥዕል ማሳየት ነበር። ዊልያም ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጽሑፍ ሌላ መንገድ አሳየ። አስታማሚው ለመተው የሚያበቃውን ምክንያት በደረደረ ቁጥር ሕመምተኛው ላለመተው የሚያበቃውን ይደረድራል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ሕመምተኛው ራሱ እንዲናገረው አድርጉ አለ። ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገር ለነርሶች ይሰጣል። ሲሠራበት ይህን ይመስላል።

«ጋሼ፥ መጠጡን መተው ለእርስዎ ምን ያህል አስፈላጊ ነው? ከዐሥር ስንት ይሰጡታል?»

«አራት ልበል።»

«ለምን ሁለት አላሉም?»

ጥያቄው የተገላቢጦሽ መሆኑን አንባቢ ይይልን። «ለምን ዘጠኝ አላሉም?» ብትለው ኖሮ ሰውየው ስለ ጓደኞቹ፥ ስለ ድካሙና ስለ ብርዱ ይነግራት ነበር። «ለምን ሁለት አላሉም?» ስትለው ግን አራት ያሰኘውን ነገር መፈለግ አለበት።

«ልጄ ዐሥረኛ ክፍል ናት» ይላል። «ማታ ስገባ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ጓዳ ትገባለች። ድሮ እኔ ነበርሁ ሒሳብ የማሳያት።»

ነርሷ በዚህ ላይ የምትጨምረው ነገር አይኖርም። «እንደ ድሮው ሊያስጠኗት ይፈልጋሉ» ብላ የራሱን ቃል ትመልስለታለች፤ ቁጥሩንም ትጽፋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ትጠይቀዋለች።

የጫት ነገር ከዚህ ይለያል። ጫት ያቆመ ሰው እንደ ጠጪው በሦስተኛው ሌሊት ለሞት አያሠጋም። ጫትን ጫት የሚያደርገው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን ጠባዩ ከአምፌታሚን ጋራ ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲደርቅ ቶሎ ስለሚበላሽ ነው የአወዳይ ጫት ገና እንደ ተቈረጠ በመኪና የሚከንፈው። የለመደ ሰው ሲያቋርጠው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደክማል፥ ይተኛል፥ ይከፋዋል፥ ይነጫነጫል፤ ሌሊት ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው ዱካክ የሚሉት ክፉ ሕልም ያስጨንቀዋል። ለዚህ ሕመም የታወቀ የተለየ መድኃኒት የለም። ነርሷ የምትሰጠው ትልቁ ነገር ዕውቀት ነው፤ ድካሙ ስንፍና አለመሆኑን፥ ዱካኩም እንደሚያልፍ ለእርሱም ለሚስቱም አስቀድማ ትነግራቸዋለች። ይህን ያልሰማ ሰው በአራተኛው ቀን «ያለ ጫት ሰው አልሆንም» ብሎ ወደ በርጫው ይመለሳል።

ነርሷ ጫትን የምትጠይቅበት ሌላም ምክንያት አላት። ጫት ከአምፒሲሊን ጋራ ሲወሰድ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባውን መጠን እንደሚቀንስ በየመን ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ሳንባው ታሞ መድኃኒት የሚውጥ ሕመምተኛ፥ ጠያቂው በጋቢው ሥር ይዞለት የገባውን እሽግ ከሰዓት በኋላ ሲቅም የሚውል ከሆነ ለምን አልተሻለውም ማለት ከንቱ ነው። በዚህ ጊዜ ነርሷ ዘበኛ ልትሆን ነው ወይስ አስታማሚ? እሽጉን ነጥቃ ብትጥለው በሚቀጥለው ቀን ይበልጥ ተደብቆ ይመጣል። ብልሆቹ ከጠያቂው ጋራ ውጭ ወጥተው ይነጋገራሉ፤ በጫቱ ፈንታ ብርቱካን ይዞ እንዲመጣ ያስማሙታል። ጫትን የጠየቀች ነርስ ደግሞ መጠጡንም ታገኘዋለች። ምርቃናውን በመጠጥ መስበር፥ ማለት ጨብሲ፥ የተለመደ ነውና፤ «ከበርጫው በኋላ በምን ይሰብሩታል?» ብትል መልሱ ሳይሸሸግ ይመጣላታል።

ስለ ሲጃራ በአጭሩ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 5ቱ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ ከወንዶች 8.1፥ ከሴቶች 1.8 ከመቶ ማለት ነው። ከብዙ አገሮች ጋራ ሲመዛዘን ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ሳለ መያዝ ይሻላል። የአጫሽን ሱስ ጥንካሬ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ብዙ ይረዳል፤ «ከእንቅልፍዎ ከተነሡ በኋላ የመጀመሪያውን ሲጃራ በስንት ደቂቃ ያጨሳሉ?» በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚል ሰው በምክር ብቻ መተው ይከብደዋል። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ በአገራችን ግን በየመድኃኒት ቤቱ እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉም። የሐራራው ማዕበል ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ስለሚበርድ፥ ነርሷ ያን ጥቂት ደቂቃ በምን እንደሚያሳልፈው ከሕመምተኛው ጋራ ትመክራለች፤ ውሃ መጠጣት፥ ተነሥቶ በኮሪደሩ መመላለስ፥ ለልጅ ስልክ መደወል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ይጠቅማል ወይ የሚል አንባቢ ቢኖር ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ከ20 ሺህ በላይ አጫሾች የተካፈሉባቸውን 44 ጥናቶች ደምሮ አይቶ፥ ነርስ የረዳቻቸው ሰዎች የመተው ዕድላቸው ካልተረዱት በ29 ከመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። ይህ ማለት አብዛኞቹ ተዉ ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ሙከራ አይተዉም። ከብዙ ሺህ አልጋ ላይ ሲታሰብ ግን ጥቂት የሚባል አይደለም። ይኸው ማኅበር ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሆስፒታል ባወጣው ምርመራ ደግሞ እጅግ የሚጠቅም ነገር ተናገረ፤ በአልጋ ላይ የተጀመረው ምክር ፍሬ የሚሰጠው ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር ሲቀጥል ነው። በአልጋ ላይ ተጀምሮ በበሩ ላይ የሚያበቃ ምክር ግን ውጤቱ አልታየም።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ችግር ያለው። አንዲት ነርስ ሌሊት ብዙ አልጋ ይዛ ስትሯሯጥ ስለ መጠጥ ለመጨዋወት ጊዜ ከየት ታመጣለች? ይህ የነርሷ ጥፋት አይደለም፤ የምደባና የበጀት ነገር ነው፤ ነገ በእነዚያ ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ይህን የሚያነቡት ናቸው። ሥልጠናውም ቢሆን ጨርሶ የሌለ አይደለም። በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ማሠልጠን ሲጀመር፥ በመላው አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ሠልጣኞቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመድበው ሐኪም በሌለበት ሥራውን ተሸከሙት። (ወንዶቹን ሕመምተኞች ሁሉ «ዶክተር» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ሴቶቹ ግን የቱንም ያህል ቢማሩ «ሲስተር» ናቸው።) የአጥንትና የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች ግን ይህ ትምህርት ብዙም አልደረሳቸውም፤ የሦስተኛው ሌሊት ሕመምተኛ የሚተኛው ደግሞ ከእነርሱ ዘንድ ነው።

ሌላው የምስጢር ነገር ነው። ሕመምተኛው እውነቱን የሚናገረው ወሬው መሥሪያ ቤቱ እንደማይደርስ ሲያምን ብቻ ነው። በጠያቂ ፊት፥ በስምንት አልጋ መካከል፥ ድምፅን ከፍ አድርጎ «ጫት ይቅማሉ?» ማለት ጥያቄውን ገድሎ መሄድ ነው። የሕመም ፈቃድ ወረቀት ላይም ከሚያስፈልገው በላይ አይጻፍም። የአለቃነት ወንበር የያዘ ወጣት፥ ሠራተኛው ከሆስፒታል ሲመለስ «ለካ ጠጪ ኖረሃል» ብሎ በሻይ ሰዓት ቢቀልድ፥ ነርሷ በሦስት ሳምንት የሠራችውን በአንድ ከሰዓት ሊያፈርሰው ይችላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታና በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰውም ሲጃራና መጠጥ እንዳይሸጥ አዟል። ይህ ገና ያልጀመረውን ይጠብቃል። የጀመረው ደግሞ በአዲስ አበባ በአማኑኤልና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና ሊያገኝ ይችላል።

የመጋዘን ሠራተኛችን ግን እስከዚያ ድረስ የሚሄድ ላይሆን ይችላል። እርሱ በክራንች እየተደገፈ ወደ ቤቱ ሲሄድ በኪሱ ውስጥ ያለችው ቀጠሮ ለአጥንት ምርመራ ናት። ሥራዋን የምታውቅ ነርስ በዚያችው ቀጠሮ ላይ፥ በዚያው ቀን፥ ራጅ ከመነሣቱ በፊት በእርሷ ዘንድ እንዲያልፍ ትጽፍበታለች። በመካከሉ ባለው ጊዜ ማታ ማታ የሚከብደውን ሰዓት ጠይቃዋለች፤ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ነው ብሏታል። ያን ሰዓት ለልጁ ሒሳብ ሰጥተውታል። ሲመለስ በመጀመሪያ የምትጠይቀው ጠጥቶ እንደሆነ አይደለም፤ የስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንደ ደረሱ ነው።